የጎሚስታው ተራ

ወንበሮቹ የመጡት በሐምሌ፣ በአይሱዙ ተጭነው ነው። አርባ ናቸው። ሁሉም ሰማያዊ ፕላስቲክ ሲሆኑ በየጀርባቸው ላይ የለጋሹ ስም ከነአባቱ ከነአያቱ በነጭ ቀለም ተጽፎባቸዋል። እኛ የሚካኤል ማኅበርተኞች ያኔ አሥራ ሁለት ነበርን። አሥራ ሁለት ሰው አርባ ወንበር ምን ያደርግለታል ብሎ የጠየቀ አንድም አልተገኘም። አጨበጨብን። ከሁሉ አብልጬ ያጨበጨብኩት እኔ ነኝ፤ መዳፌ እስከ ፍልሰታ ድረስ ቀልቶ ሰነበተ። ከዚያ ወዲህ ጀርባችንን በሰውዬው ስም ላይ አስደግፈን መጸለይ ጀመርን። አንድ ቀን እንዲያውም ቀለሙ በላቤ ርሶ አያትየው በሸሚዜ ላይ ታትመው መርሳ ድረስ ቤቴ መጥተዋል።

ከዚያ በፊት የምንቀመጠው በተገኘው ላይ ነበር፤ በአልጋ ጠርዝ፣ በጀሪካን፣ በማሽላ ጆንያ። ማኅበሩ የሾፌሮች፣ የመካኒኮችና የባለ ሱቆች ነው፤ ከፊሎቻችን ወልድያ፣ ከፊሎቻችን መርሳ እንኖራለን። ወር በገባ በአሥራ ሁለት በተራ አንዳችን ቤት እንሰበሰባለን፤ ዳቦ ይቆረሳል፣ ጠላ ይቀዳል፣ የነፍስ አባታችን አንብበው ይመርቃሉ። ሲያበቃ የዕለቱ ደጋሽ ጽዋዋን ለተረኛው ያስረክባል። ጽዋዋ ክዳን ያላት፣ በነጠላ የምትጠቀለል ትንሽ የሸክላ ዕቃ ናት። እሷን ታቅፎ የወጣ ሰው የሚቀጥለው ወር ደጋሽ ነው። ሕጋችን ይኸው ነበር። አንድ ነገር ልጨምር፤ በር አጠገብ አንዲት መቀመጫ ሁልጊዜ ባዶ እንተዋለን። ሳይጠራ የመጣ መንገደኛም ሆነ ለማኝ እዚያ ተቀምጦ ከእኛ እኩል ይበላል።

ኅዳር የጓደኛዬ ተራ ነበር። ጓደኛዬ ጎሚስታ ነው። ከመርሳ ወደ ወልድያ ሲወጡ በስተቀኝ፣ ግንድ ላይ የተሰቀለ ጎማ ያለበት ዳስ የእሱ ነው። ሃያ ዓመት አብረን በልተናል፤ የእኔ ሚኒባስ ጎማዎች እኔን ከሚያውቁኝ በላይ እሱን ያውቁታል። ያ ክፉ ጊዜ መጥቶ ሁላችንም ስንበተን ጽዋዋን በከባድ መኪና ጎማ ውስጥ ወትፎ፣ በላዩ ሌላ አሥር ጎማ ከምሮ ነው የሸሸው። ስንመለስ ከቤታችን ማንኪያ አልተረፈም፤ እሷ ግን ከነክዳኗ ተገኘች።

ይህ ሰው በራሱ ቤት ደግሶ አያውቅም። የኪራይ ቤቱ ባለቤት ሰው መሰብሰብ ስለማትፈቅድ ተራው በደረሰ ቁጥር ዳሱ ውስጥ ነበር የሚያስተናግደን፤ እኛም ጎማ ላይ ተቀምጠን እንበላለን። በመጨረሻ ታዲያ ከዳሱ ጀርባ ሁለት ክፍል ቤት ሠራ። ጭቃውን በእግሩ ረገጠ፣ ቆርቆሮውን በእጁ መታ። ከሰኔ ጀምሮ ጎማ ሊያስጠግን የቆመውን ሾፌር ሁሉ "ኅዳር ሚካኤልን በራሴ ጣሪያ ሥር!" ይል ነበር። ጅቡቲ ደርሶ የሚመለሰው ሾፌር ሳይቀር ቀኑን በቃሉ ያውቀዋል።

አሁን ወደ ባለ ወንበሩ ልመለስ። ሰውዬው ወልድያ ውስጥ የሕንፃ መሣሪያ መደብር አለው፤ ወደ ማኅበሩ ያመጣሁት እኔ ነኝ። አንድ ቀን ሚኒባሴ ሲሪንቃ ላይ ተበላሽታ ቆሜ ሳለ በመኪናው ጭኖ ወልድያ አደረሰኝ። መኪናው ውስጥ ቀዝቃዛ አየር ይነፍሳል። በዚያች አጭር መንገድ ጉንፋን ያዘኝ ስላችሁ! በጉንፋኑ ኮርቼ አንድ ሳምንት ሙሉ እያነጠስኩ "ወዳጄ ነው፣ በመኪናው እየወሰደኝ እኮ ነው የያዘኝ" እያልኩ አወራሁ። ወዳጄ ግን ስሜን እንኳ አያውቅም፤ "ሾፌር" ነው የሚለኝ። በዕድሜም ያንሰኛል፤ እኔ "ጋሼ" እለዋለሁ። ሰው ተጎንብሶ ለመኖር ከቆረጠ የዕድሜ ልዩነት ምን ያግደዋል?

ማኅበራችን በዓመቱ ወራት ልክ አሥራ ሁለት ነበር። እሱን እንደ ጳጉሜን ጨመርነው። ጳጉሜን ግን ዓመቱን ሙሉ ወሰደችው። በመስከረም "ለምን ትንከራተታላችሁ? የእኔ አዳራሽ እያለ!" አለ። አዳራሹ ወልድያ፣ ከፎቁ ምድር ቤት ነው። እኛ ስሙ ላይ ተደገፍን፤ እሱ ሶፋ ላይ ተንጋለለ። ጽዋዋን "እንዳትሰበር" ብሎ ከመስታወት ቡፌ ውስጥ፣ ስፖንሰር ሆኖ ባሸነፈው የእግር ኳስ ዋንጫና በፕላስቲክ አበባ መካከል አስቀምጦ ቆለፈባት። ከክፉ ቀን በጎማ የተረፈች ዕቃ በቁልፍ ተያዘች። እኛስ? "እንዴት ያምራል!" አልን።

የነፍስ አባታችን፣ አባ፣ መጽሐፍ ወዳድ ናቸው። በጥቅምቱ ስብሰባ የጥንት ክርስቲያኖችን ነገር አነሡልን።

"እነዚያ ሰዎች መጀመሪያ ሕንፃ አልነበራቸውም፤ ሰፊ ቤት ባለው ሰው ዘንድ ነበር የሚሰበሰቡት" አሉ። "ባለቤቱ ከሌለ መሰብሰቢያ የለም። ካለ ደግሞ ውሎ አድሮ የሰዎቹም ባለቤት መሆን ያምረዋል። አባቶች በየመልእክታቸው ያንን ሰው ሲለማመጡት፣ ሲቆጡት፣ 'ወንድም ነህ እንጂ ጌታ አይደለህም' እያሉ ሲያስታምሙት ታያላችሁ።"

ሰውዬው ከሶፋው ላይ አንገቱን በትካዜ ነቀነቀ። "አይ የዚያን ዘመን ሀብታም!" አለ።

ሳቄን ለመያዝ ምላሴን ነከስኩ። ዛሬም ጠባሳው አለ።

አባ ቀጠሉ። አንድ የጥንት ጽሑፍ ሀብታምና ድኻን በዛፍና በወይን ሐረግ ይመስላል አሉ። ሐረጉ ብቻውን መሬት ለመሬት ይሳባል፤ ዛፉ ላይ ሲወጣ ነው የሚያፈራው። ይህን ብለው ገጹን ሊገልጡ ሲሉ ሰውዬው ተነሥቶ ቆመ።

"ዛፉ እኔ ነኝ ማለት ነዋ!"

"ቆይ ልጄ፣ ገና አልጨረስኩም" አሉ አባ።

ግን በዚያች ደቂቃ ጥሬ ሥጋው ገባ። ቀኑ ፍስክ ነው። ሥጋ እየገባ መጽሐፍ የሚሰማ ጆሮ በሰሜን ወሎ ምድር ገና አልተፈጠረም። አባ መጽሐፋቸውን አጠፉ። ሰውዬው ከዚያች ሰዓት ጀምሮ "ሐረጎቼ" እያለ ይጠራን ጀመር፤ እኛም "አቤት" እያልን ሥጋችንን እንቆርጣለን።

ስንጨርስ ጓደኛዬ ነጠላውን አስተካክሎ ቡፌው ፊት ቆመ።

"ተረኛ ነኝ። ጽዋዋን ላንሣ?"

"የምን ጽዋ?" አለ ሰውዬው። "እዚሁ ይሁን እንጂ። ድግሱን እኔ እችልልሃለሁ፤ ስምህ ይጠራል፣ ትመረቃለህ። ምን ቀረብህ?"

"ቤት ሠርቻለሁ እኮ ጌታዬ። ለኅዳር ብዬ..."

"እሰየው! ግን ዛፍ እያለ ሐረግ መሬት ለመሬት ለምን ይሳባል?"

አንዱ ጥርሱን ጎረጎረ፣ ሌላው ስልኩን ነካካ። ጓደኛዬ ወደ እኔ ዞረ። አፌን ያውቀዋል፤ የመንገድ ትራፊክ፣ የወረዳ ሹም፣ ማንንም የማይፈራ አፍ ነው። በዚያ አፍ አንዲት ቃል እንድናገርለት ነበር የፈለገው።

ተናገርኩ።

"ኧረ ተወን ወንድሜ! አንተ ዘንድ ከመጣን በዳቦ ፋንታ የጎማ ካላማዳሪያ ልትቆርስልን ነው። ጋሼ ደግሞ በዚያች በርህ ለመግባት መጀመሪያ መተንፈስ አለባቸው!"

ሰውዬው ሆዱን ይዞ ሳቀ። እሱ ሲስቅ ሁሉም ሳቀ። አርባው ወንበር ሳይቀር የሳቀ መሰለኝ። ጓደኛዬ ነጠላውን አጣፋና ወጣ። በሃያ ዓመት ቀልዴ ያልሳቀው ያን ቀን ብቻ ነው።

ከዚያ በኋላ በቀን አራት ጊዜ በዳሱ ፊት አልፋለሁ። ጥሩንባ እነፋለሁ፤ ቀና አይልም። ከኋላዬ ለሚመጣው አህያ ጋሪ ግን እጁን ያነሣል።

ኅዳር አሥራ ሁለት ጠዋት አባንና የመርሳዎቹን አምስት ማኅበርተኞች በሚኒባሴ ጭኜ ወደ ወልድያ ጉዞ ጀመርኩ። የከተማው ጫፍ ላይ ስንደርስ የጓደኛዬ ደጅ እስከ አስፋልቱ ድረስ ተጠርጎ፣ ቄጠማ ተጎዝጉዞ አየን። ከሙስሊም ጎረቤቱ የተዋሳቸው አግዳሚዎች በተከፈተው በር ይታያሉ። እሱ ነጭ ልብሱን ለብሶ በሩ ላይ ቆሟል። አልጠራንም፤ እጁንም አላወዛወዘም። ቆሟል፣ በቃ። ሚኒባሱ ውስጥ ሁሉም በአንድ ጊዜ በሌላው መስኮት ተራራ ማየት አማራቸው።

አላስቻለኝም። ዳር ይዤ ቆምኩና "ጎማው ልክ አይደለም!" ብዬ ወረድኩ። በወዲያኛው በኩል ዞሬ ጎንበስ አልኩና ቫልቮላውን ፈታሁት። ጢስስስ አለ። "ፈነዳ!" ብዬ ጮኽኩ፤ ጩኸቴን የሰማ ሰው አንድ ተሳቢ መኪና በሙሉ ገደል የገባ ነው የሚመስለው። ስኮርታዬ፣ ትርፍ ጎማዬ፣ ደግሞ ለጥገና እሱው ዘንድ ተቀምጣለች። ከዚህ የበለጠ ተንኮል ቤተ መንግሥት ውስጥም አልተሸረበም ብዬ በራሴ ኮራሁ። ጎማው እስኪሠራ እንግዶቹ ይገባሉ፣ ከገቡ ይቀምሳሉ፣ ከቀመሱ ይቀራሉ!

ጓደኛዬ መጣ። ጎንበስ ብሎ ጎማውን በመዳፉ ዳሰሰ፤ ጣቱን ምራቅ አስነክቶ ቫልቮላው ላይ አደረገ። ቀና አለ።

"ይህ ጎማ ምንም የለበትም። የተነፈሰው በእጅ ነው።"

"ዝም በል እንጂ አንተ!" አልኩት በሹክሹክታ። "ላንተ ብዬ እኮ ነው። እስኪሠራ ይግቡ፣ ከዚያ..."

"አጥምደህ ነው እንግዳ የምታመጣልኝ?"

"ቢጠመዱስ? ይግቡልህ እንጂ!"

"ሰውዬህ በሥጋ ያጠምዳል፣ አንተ በጎማ።"

የኮምፕረሰሩን ቱቦ ስቦ፣ ነጭ ልብሱን ግራሶ እየነካው ሞላልኝ። ሲጨርስ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ሚኒባሱ ውስጥ ያሉት እንዲሰሙ፣ "ጎማህ ደህና ነው፤ ሂድ። መግባት የፈለገ በእግሩ ይገባል" አለ።

መጀመሪያ የወረዱት አባ ናቸው። "መስቀሌን ይዣለሁ፤ ሌላ ምን ያስፈልገኛል?" አሉና መቋሚያቸውን ተመርኩዘው ገቡ። ቀጥሎ ሽማግሌው እህል ነጋዴ ወረዱ። "ፎቅ ላይ ጉልበቴን ያመኛል" አሉ፤ አዳራሹ ምድር ቤት እንደሆነ እያወቁ። ከእሳቸው ኋላ መካኒኩ ምንም ሳይል ዘሎ ወረደ።

ሦስቱ ቀሩ። አንዱ ሲሚንቶ የሚያገኘው ከሰውዬው ነው። የሌላው ወንድም መደብሩ ውስጥ ጥበቃ ነው። ሦስተኛው ምንም ምክንያት የለውም፤ ሥጋ ይወዳል። አራተኛው እኔ ነኝ፤ መሪውን ይዣለሁ የሚል ምክንያት ነበረኝ። ነዳሁ። ሲሪንቃን ስናልፍ ሥጋ ወዳዱ "ዛሬም ጥሬ ይኖራል አይደል?" አለ።

ሰውዬው ከወልድያዎቹ ማኅበርተኞች ጋር አዳራሹ ደጅ ቆሞ ጠበቀን። ፎቶ አንሺም አቁሟል።

"አባስ?"

"መርሳ ወረዱ።"

"ታዲያ ማን ሊመርቅ ነው?"

"ዛፉ ይመርቃቸዋ!" አልኩት። ይህን ጀግንነት የተናገርኩት ሦስቱን አውርጄ፣ መስኮቱን ዘግቼ፣ ማርሽ አስገብቼ፣ አደባባዩን ከዞርኩ በኋላ ነው። ቢሆንም ተናግሬያለሁ።

ባዶ መኪና ይዤ ተመለስኩ። ሲሪንቃ ላይ ሰው "መርሳ! መርሳ!" እያለ ቢለምነኝም አልቆምኩም። ስደርስ አባ ያችን በሥጋ የተቋረጠች ንባብ እየጨረሱ ነበር። ዛፉ ቅጠል ብቻ ነው አሉ፤ ፍሬ የለውም። ፍሬው የሐረጉ ነው። ዛፉ ስለተሸከመ ይታሰብለታል እንጂ የፍሬው ጌታ አይሆንም። እኛ እኩሌታዋን ይዘን ነበር አንድ ወር ሙሉ ያጎነበስነው።

ገብቼ በለመድኩት ቦታ፣ ከጓደኛዬ ጎን ልቀመጥ ስል በእጁ አቆመኝ። ወደ በሩ አመለከተኝ። እዚያ፣ ሳይጠራ ለሚመጣ እንግዳ በምንተዋት ቦታ፣ አንዲት አሮጌ ጎማ ተቀምጣለች። ተቀመጥኩ። ዳቦውን በሁለት እጁ ይዞ መጣና "ይብሉ እንጂ" አለኝ። ሃያ ዓመት "አንተ ሌባ" ሲለኝ የኖረ ሰው! ብሰደብ ይሻለኝ ነበር። ቆርቆሮው በፀሐይ ቋ ቋ ሲል ቀና ብዬ አየሁት። ምስማሮቹ ትንሽ ተንጋደዋል፤ ጣሪያው ግን የእሱ ነው።

ሲያበቃ ጽዋዋ ስለሌለች አንድ የሸክላ ዋንጫ ከመደርደሪያው አወረደ፤ አባ ባረኩለት። በነጠላ ጠቅልሎ ይዞ፣ በእኔ ፊት አልፎ፣ ለእህል ነጋዴው አስረከባቸው።

ጽዋዋ ዛሬም ከእግር ኳሱ ዋንጫ አጠገብ ተቆልፎባታል። ሰውዬው በየወሩ ለአርባ ወንበሮቹና ለሦስት ሐረጎቹ ይደግሳል ይባላል። የወልድያዎቹም ተመልሰውልን እኛ እንደ ድሮው ቤት ለቤት እንዞራለን። እኔም አልቀርም፤ ያችን ጎማ ራሴ በሚኒባሴ ጭኜ፣ ከተረኛው በር አጠገብ አኑሬ እቀመጥባታለሁ። ማንም ተራህ መቼ ነው አይለኝም።

ባለፈው ወር መካኒኩ ቤት ሳለን እውነተኛ መንገደኛ መጣ፤ አቧራ የለበሰ፣ የራበው ሽማግሌ። በሩ ላይ ያለችው ጎማ አንዲት ናት። ተነሣሁና አስቀመጥኳቸው። መሐል ቤት ዳቦዬን ይዤ፣ ምናምን እንደጠፋበት ሰው ተገትሬ ቀረሁ። ጓደኛዬ ለጥቂት ጊዜ አየኝ። ከዚያ አግዳሚው ላይ ፊቱን ወደ ግድግዳው መልሶ ትንሽ ጠጋ አለ። ብዙ አይደለም፤ ግማሽ ቂጥ የምታስቀምጥ ቦታ ነች።

በግማሹ ተቀመጥኩ።