በር ላይ የቀረው ዋና ሐሳብ

የዛሬ ሦስት ሳምንት፣ ሐሙስ ከሰዓት... አንድ አባት ከሁምቦ ድረስ መጥተው የበሬያቸውን እግር ሕመም ነገሩኝ። እኔ የእንስሳት ሐኪም አይደለሁም። ወላይታ ሶዶ ውስጥ የአስራ ሁለተኛ ክፍል እንግሊዝኛ አስተማሪ ነኝ።

ነገሩ የጀመረው ግን ከሁለት ቀን በፊት ክፍል ውስጥ ነው። ማትሪክ ስለደረሰ ከትምህርት ሰዓት ውጭ ተማሪዎቼን ሪዲንግ አሠራቸዋለሁ። የምንባቡን ዋና ሐሳብ ፈልጉ ሲባሉ ፍዳቸውን ነው የሚያዩት። እኔም አንድ ሕግ አለኝ... «የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር ያዙ! ዝርዝሩ ውስጥ አትስመጡ!» እያልኩ ጠረጴዛ እደበድባለሁ።

ትዕግስት የምትባል ተማሪዬ ግን ሁልጊዜ የምታሰምረው የመጨረሻውን ነው። ምንባቡ ስለ ንብ ይሁን፣ ስለ ባቡር ይሁን... መጨረሻውን!

«እስቲ ንገሪኝ፣ ለምንድነው?» አልኳት።

«ቲቸር... ሰው ዋናውን ነገር የሚናገረው ሊሄድ ሲል አይደል?»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅኩ። «አንቺ ልጅ፣ ይሄ እንግሊዝኛ ነው፤ የሁምቦ ሽማግሌ መሰለሽ እንዴ?» ብዬ በቀይ እስክሪብቶ ኤክስ አደረግኩባት። እሷም አብራ ሳቀች፣ ግን አንገቷን ደፍታ።

እንግዲህ ሐሙስ ዕለት የመጡት የሷ አባት ናቸው። በፌስታል ማንጎ ይዘው የአስተማሪዎች ቢሮ በር ላይ ቆመዋል። «ሳሮ፣ ሳሮ» ብለን ሰላም ተባባልን። በወላይትኛ ስለ ጤናዬ ጠየቁኝ፣ ስለ እናቴ ጠየቁኝ። ከዚያ ስለ ዝናቡ አወሩኝ። ከዚያ ስለ በቆሎው። ከዚያ በሬያቸው እግሩን ታሞ መተኛቱን ነገሩኝ።

ፊቴ ያልታረመ ወረቀት ተቆልሏል፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስብሰባ አለኝ... በሬ የሚለውን ስሰማ አገኘሁት አልኩ! ወንድሜ በዴሳ ከተማ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነው። ያንን ሰምተው ነው የመጡት ብዬ ስልኩን በወረቀት ጽፌ ሰጠኋቸው። ራሴም ደውዬ እነግረዋለሁ አልኳቸው።

«ሌላ ነገር የለም አይደል፣ አባባ?» አልኩ ሰዓቴን እያየሁ።

ወረቀቱን አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱ። «የለም... የለም ልጄ። ተባረኪ።»

የግቢው በር ጋ ሲደርሱ ዞር አሉ። በሩን ይዘው ትንሽ ቆሙ። እኔ ከሩቅ «ቻው አባባ!» ብዬ እጄን አውለበለብኩላቸውና ወደ ስብሰባዬ ገባሁ። ሰው ረዳሁ ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር እኮ!

ዓርብ ትዕግስት አልመጣችም። ሰኞም የለችም። ማክሰኞ አብራት የምትቀመጠውን ልጅ ጠየቅኳት።

«አልነገሩሽም እንዴ ቲቸር? የምትኖረው አክስቷ ጋ ነበር፣ አክስቷ ደግሞ ሐዋሳ ገባች። አሁን እዚህ ማደሪያ የላትም። አባቷ እስከ ፈተናው አንቺ ጋ እንድትሆን ሊለምኑሽ ነበር የመጡት። ለቲቸር አልተመቻትም ብለው ልጃቸውን ይዘዋት ሄዱ።»

ክው አልኩ። ልጅቷ ለፈተናው ትንሽ ጊዜ ሲቀራት፣ በእኔ ጥድፊያ ትምህርቷን ልታቆም ነው።

ይበልጥ ያሳፈረኝ ደግሞ ከሌላ አገር አለመምጣቴ ነው። እዚሁ ወላይታ ተወልጄ ነው ያደግኩት። የገዛ አባቴ እንኳ ከኔ የሚፈልገው ነገር ሲኖር ምሳውን በልቶ፣ የጎረቤቱን ሁሉ ወሬ አውርቶ፣ ጫማውን አድርጎ በር ላይ ሲደርስ ነው «እንዲያው አንድ ነገር...» የሚለው። ከባድ ልመና ቁጭ ተብሎ ፊት ለፊት አይወጣም። ሸኚው በር ድረስ ሲመጣ ነው የሚወጣው። እኔ ግን ቻው አልኳቸው... ያውም ከሩቅ።

ቤቴ ውስጥ ደግሞ እህቴ ካገባች ወዲህ አንድ ክፍል ባዶውን ተቀምጧል!

ቅዳሜ ጠዋት በሚኒባስ ሁምቦ ወረድኩ፣ ቀሪውን በእግሬ። የምናገረውን መንገድ ላይ አጥንቼው ነበር። እንደገባሁ፣ ገና ሳልቀመጥ እናገራለሁ ብዬ።

ምን ዋጋ አለው... ቦዬ የሚባለው ሥራ ሥር ተቀቅሎ ቀረበልኝ፣ ተቀመጥኩ፣ ከዚያ ስለ በሬው ጠየቅኩ። ወንድሜ መጥቶ አክሞት ተሽሎታል። ስለ ዝናቡ ጠየቅኩ። ስለ በቆሎው ጠየቅኩ። ትዕግስት እጇ አፈር እንደነካው ከጓሮ ብቅ ብላ ሰላም አለችኝና ቶሎ ተመለሰች። ይቅርታ ልል ስል ስለ ጎረቤቶቻቸው ጠየቅኩ። እንዲህ ሆነን ረጅም ሰዓት አወራን።

ልሄድ ተነሳሁ። አባቷ እስከ አጥሩ ሸኙኝ። እዚያ ስደርስ እግሬ ቆመ።

«አባባ... እንዲያው አንድ ነገር። ትዕግስት እስከ ፈተናው እኔ ጋ ትሁን። ያን ቀን ሳልሰማዎት ቀረሁ፣ ይቅር ይበሉኝ።»

ዓይናቸው እንባ አቀረረ፣ ከዚያ ደግሞ ሳቅ አሉ።

«እኔ እኮ መጥታ ትሸኘኛለች ብዬ በሩ ጋ ጠብቄሽ ነበር።»

እጃቸውን ይዤ አለቀስኩ።

ትዕግስት ይኸው ቤቴ ናት። ከራት በፊት ምንባብ እንሠራለን። አሁን መጀመሪያውንም መጨረሻውንም ታያለች። አንዳንዴ ታገኘዋለች፣ አንዳንዴ ትስታለች፣ አንዳንዴም እንከራከራለን። ፈተናው ገና ነው።

እኔ ግን እንግዳ በሸኘሁ ቁጥር ቻው ከማለቴ በፊት በር ላይ ትንሽ ዝም ብዬ እቆማለሁ።