ኮሊን አጥሩ ጥግ የሚጥለው ነገር

ሴድሪክ ማወር ሚስቱ ወፍ ታይበት የነበረውን የርቀት መነጽር ከመሳቢያው ያወጣው ወፍ ሊያይ አልነበረም። ከፎቁ መስኮት ሆኖ ኮሊን ታፕን ሊሰልልበት ነው።

ኮሊን ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሹፌር ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ብረት መፈለጊያ መሣሪያውን አንግቶ ይመጣና በእንግሊዝ አገር በትሬንት ወንዝ ዳር ባለው የሴድሪክ ማሳ ላይ ሲመላለስ ይውላል። መሣሪያው ሲጮህለት ይቆፍራል። ከመሄዱ በፊት ያገኘውን ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ጋዜጣ ዘርግቶ ይደረድራል፤ ግማሹ ለባለ መሬቱ፣ ግማሹ ለፈላጊው፣ ደንቡ ነው። ሴድሪክ ግን ማሳውን የፈቀደለት ለአንድ ነገር ብቻ ነበር። ሚስቱ ሜቪስ ድንች ስትለቅም የጋብቻ ቀለበቷ ከጣቷ ሾልኮ እዚያ ቀርቷል። ባለፈው የገና ሰሞን እስክትሞት ድረስ ታነሳው ነበር።

«ሌላው ግድ አይሰጠኝም» ብሎት ነበር በመጀመሪያው ቀን። «ቀለበቱን ግን ለኔ።»

«የት ጋ ነው የወደቀው፣ ሚስተር ማወር?»

«ማሳው ውስጥ።»

ቦታውን ያውቀዋል። ግን ቢነግረው ቀጥ ብሎ ሄዶ ኪሱ ቢከተውስ?

ቀለበቱ አልመጣም። የሚመጣው ሌላ ነገር ነው፦ የዛገ ምስማር፣ የተቆራረጠ ብር፣ አንድ ቀን ደግሞ ባዕድ ጽሑፍ ያለበት ግማሽ ሳንቲም።

«የማን ጽሑፍ ነው?»

«የአረብ ነው። ቫይኪንጎቹ፣ የዛሬ ሺህ ዓመት ግድም በመርከብ የመጡት ወራሪዎች፣ ያመጡት። እየቆረጡ በሚዛን ይገበያዩበት ነበር።»

«አረብ! እዚህ ጭቃ ውስጥ! ባለፈው የመርከብ ምስማር ነው አልከኝ፤ ነገ ደግሞ ግመል ቆፈርኩ በለኝ።»

«ግመል ካገኘሁ ግማሹ የእርስዎ ነው።»

ሴድሪክ አልሳቀም። መነጽሩን ያወጣው ከዚያ በኋላ ነው። ያየውም እንቅልፍ ነሳው። ኮሊን በየጊዜው ወደ ቁጥቋጦው አጥር ጥግ ይሄዳል፤ የግራ ኪሱን ያራግፋል፤ በጫማው አፈር ይመልስበታል። ጠረጴዛው ላይ የሚደረደረው ሁልጊዜ ከቀኝ ኪሱ ነው።

አንድ ቅዳሜ ኮሊን ወንዙ ዳር ሲደርስ ሴድሪክ አካፋውን ይዞ በአጥሩ ተከልሎ ሄደ። ኮሊን አፈር በሚመልስበት ጥግ፣ ከቁጥቋጦው እሾክ ሥር ቆፈረ። ግራጫ ድብልቡል ክምር ወጣ፤ ከሥራቸው ጎድጎድ ያሉ፣ ትናንሽ ባርኔጣ የሚመስሉ፣ ለመጠናቸው ከባድ። አንድ በአንድ አገላበጠ። ቀለበት የለም።

«ምን ጠፋብዎት?» አለ ኮሊን ከኋላው።

«አንተ የደበቅከው!»

«ይሄ? እርሳስ እኮ ነው! ውዳቂ ብረት ነው። ደግሜ እንዳልቆፍረው፣ በጎችዎም ልሰው እንዳይመረዙ ነው የምቀብረው።»

«ኪስህን ገልብጥ።»

ኮሊን ፊቱ ቀላ። ከዚያ ገለበጠ። ሲባጎ፣ መሀረብ፣ የአሳማ ሥጋ የታጨቀበት የተገመሰ ዳቦ።

«እሱንም እኩል እንካፈል?» አለ። ድምፁ ግን ቀልድ አልነበረበትም።

ሴድሪክ ያኔም አላመነም። ሌላ ሰው ይፍረድ ብሎ ሙዚየም ደወለ። በሳምንቱ ሂላሪ የምትባል የጥንት ቅርስ አጥኚ መጣች። ሴድሪክ እርሳሶቹን ከሰበሰበበት ባልዲ አንዱን አንስታ አገላበጠችና የቤቱ ደረጃ ላይ ቁጭ አለች።

«ሰሌዳ ላይ እያንቀሳቀሱ የሚጫወቱበት ጠጠር ነው» አለች። «የተቆራረጠውን ብር ነጋዴም ሊጥለው ይችላል። ይሄን ያህል ጠጠር የሚጥለው ግን ወንዙን ተከትሎ በመርከብ መጥቶ፣ ብርዱ እስኪያልፍ ሥራ ፈትቶ የሰፈረ ሠራዊት ነው። እያንዳንዱ ከየት ወጣ?»

ኮሊን ወደ ባልዲው አየ።

«አላስታውስም» አለ ኮሊን። «እኛ ብረት ፈላጊዎች እርሳስ ሁላችንም እንጥላለን።»

«ድንኳኖቹ የት እንደነበሩ የሚነግረን የወጡበት ቦታ ነበር» አለች፤ አልተቆጣችም። «ከእንግዲህ በወጣበት ቦታ ምልክት ይተከል።»

ኮሊን መኪናዋ እስኪርቅ ጠብቆ ወደ ሴድሪክ ዞረ።

«አንድ ነገር ልንገርዎት። ታችኛው ማሳ ላይ እርሳሱ ሲያሰለቸኝ መሣሪያው ለእርሳስ እንዳይጮህ አደረግኩት። ቀጭን የወርቅ ቀለበት ደግሞ . . . ድምፁ ከእርሳስ ብዙም አይለይም።»

«ረግጠኸው አልፈህ ይሆናላ?»

«ይሆናል።»

ሴድሪክ አየው። ኮሊን ይህን እንዲናዘዝ ማንም አልጠየቀውም ነበር።

«ቅዳሜ ና» አለው።

ቅዳሜ መነጽሩ መሳቢያው ውስጥ ነበር። ሴድሪክ ባንዲራ የታሰረባቸው እንጨቶች ታቅፎ ታችኛው ማሳ ላይ ጠበቀው። ብዙም ሳይሄዱ መሣሪያው ጮኸ። ኮሊን ተንበርክኮ ቆፈረና ያወጣውን በአውራ ጣቱ ጠረገ።

«ይቅርታ፣ ሚስተር ማወር። ጠጠር ነው።»

ሴድሪክ እንጨቱን ተከለ። ከዚያ ክንዱን ወደ ወንዙ ዘረጋ።

«ያ የጎበጠ ዛፍ ይታይሃል? ከእሱ ትይዩ ካሉት ትልሞች መጨረሻው ላይ ነበር ሜቪስ ድንቹን የምትለቅመው» አለ። «ከዚያ ጀምር።»