የወተት ዝንብ

«ዝንቧን አታባርሪያት፣ ኢንታላ፣ ልጄ፤ ወተታችንን ይዛ ትሄዳለች» ትለኝ ነበር አኮ፣ የእናቴ እናት፣ ልጅ ሳለሁ። ያኔ የምንኖረው በኬንያ በኩል ካለችው ሞያሌ ወጣ ብሎ፣ ወደ ጎልቦ በሚወስደው መንገድ ዳር ነበር። አባቴ እዚያው አቅራቢያ ዋልዳ ካምፕ ከነበሩት የኢትዮጵያ ስደተኞች አንዱ ነው፤ ካምፑ ሲዘጋ እናቴን አግብቶ፣ ፍየል ገዝቶ እዚሁ ቀረ። ማታ ማታ ፍየሎቹ ከገቡ በኋላ አኮ ፍሙን በእንጨት ትቆሰቁስና ተረቷን ትጀምራለች።

በአንድ የድርቅ ዘመን፣ ትላለች፣ ወፉም ውሻውም ሲሸሽ ከመጨረሻዋ ላም ጋር የቀረችው ዝንብ ብቻ ነበረች። ላሟም «ያልከዳሽኝ አንቺ ነሽ፤ እንግዲህ አንቺ ያረፍሽበት ቤት ወተት አይጣ» ብላ መረቀቻት። እዚህ ላይ ስትደርስ ጣቶቿን እንደ ዝንብ እግር ጉንጬ ላይ እያራመደች ዓይኔ ጥግ ታቆማቸዋለች። የፍሙ ሙቀት፣ የፍየል ወተቱ ሽታ፣ ያ የሻከረ ድምጿ፤ ከዚያ የሚያምር ነገር አላውቅም ነበር።

እኛ ልጆቹ ተረቱን ቀን ቀን ጨዋታ አደረግነው። ዝንብ ዓይናችን ላይ አሳርፈን እንፋጠጣለን። «ጨፍነሻል! ወተትሽ ሄደ!» እንባባላለን። አብዛኛውን ጊዜ የማሸንፈው እኔ ነበርኩ። ጠዋት ዓይናችን በዓይናር ተጣብቆ እንነቃና አኮ የሻሿን ጫፍ በምራቋ አርጥባ ሁላችንንም በተራ፣ በዚያው ጫፍ፣ ትጠርገናለች።

ትምህርት ቤት ስገባ ምዋሊሟችን፣ ቀጭን ድምፅ ያላት መምህርት፣ አንድ ቀን ከታች በሚስማር የተበሳ ጀሪካን ይዛ መጣች። ቀዳዳውን በእሾህ ወትፋዋለች፤ እሾሁ ሲነቀል ውሃው ቀጥኖ ይወርዳል። «ዓይን የሚያጠፋው ዓይን የማያየው ነገር ነው» አለችን። «ጀርም ይባላል። ዝንብ በእግሯ፣ ጨርቅ በጫፉ፣ ከአንዱ ዓይን ወደ ሌላው ያሻግሩታል። ፊታችሁን ታጠቡ፤ በአንድ ጨርቅ አትጠራረጉ።»

እየሮጥኩ ቤት ገብቼ ነገርኳቸው። አባቴ ሻዩ ትን እስኪለው ሳቀ። «ዶክተሯ መጣች! ውሃውን የማመጣው ለፍየሎቹ ነው ወይስ ለፊትሽ?» አኮ ግን አልተቆጣችም። ዕንባ በማይደርቅበት ዓይኗ እያየችኝ «ምዋሊሙሽ ላም አላት?» አለችኝ። ቤቱ ሁሉ ሳቀ። እኔም አፍሬ ወደ ፍየሎቹ ወጣሁ።

ያኔ የአኮ ሽፋሽፍት ወደ ውስጥ ታጥፎ ዓይኗን ይፍቅ ነበር፤ እናቴ በወረንጦ ትነቅልላታለች፣ መልሶ ይበቅላል። እንዲህ እንዲህ እያለ ብርሃኗ ጠፋ። አባቴም «ልጅቷ ትምራት» አለ። ትምህርቴ በቃ። የበትሩን አንድ ጫፍ አኮ ያዘች፣ ሌላውን እኔ። ጓደኞቼ ዩኒፎርማቸውን ለብሰው በአጠገባችን ሲያልፉ አኮ የእግራቸውን ኮቴ ሰምታ «እነማን ናቸው?» ትለኛለች። «ፍየሎች ናቸው» እላታለሁ።

ሰው የልጅነቱን ተረት ሲናፍቅ እሰማለሁ። እኔም እናፍቃለሁ፤ ግን እየነደደኝ ነው። አኮን ልቆጣት አልችልም፤ የሰማችውን ነው ያወራችው፣ ዋጋውንም በዓይኗ ከፍላለች። የሚያንገበግበኝ አባቴ ነው፤ ተረቱንም ትምህርቱንም ሰምቶ በትምህርቱ መሳቅን መረጠ። ትምህርት ቤቱም ያንገበግበኛል። የምዋሊሟ ጀሪካን በዚያው ሳምንት ደረቀ፤ ጣሪያው ሥር ያለው ታንከር ባዶውን ቆሞ፣ እኛ «ታጠቡ» የሚለውን መዝሙር በቆሸሸ ፊት እንዘምር ነበር።

አሁን አባቴ አርጅቶ እኔ ጋ ነው የሚኖረው፤ ፍየሎቹም አብረውት አሉ። በቅርቡ አንድ ቀን፣ ፀሐይ ሳትገባ፣ ሻዩን ፍም ላይ ጥጄ ዞር ስል ልጄ ከአባቴ አጠገብ እንደ ድንጋይ ደርቃ ተቀምጣለች። ዓይኗ ጥግ ላይ ዝንብ አለ።

«እማዬ፣ እዪ! አልጨፈንኩም!»

«የአኮን ተረት ነግሬያት ነው» አለ አባቴ ደስ ብሎት። ዓይኑን በእጁ ጀርባ እያሸ ነበር፤ ሰሞኑን ይቆረቁረዋል። «የኔም ዓይን እምቢ እያለኝ ነው። ግድ የለም፤ መሪዬ ደርሳለች» ብሎ ራሷን ዳበሳት።

እኔ ብዙ የምናገር ሰው አይደለሁም።

«አባባ፣ ለዓይንህ ሐኪም አለ፣ ነገ እወስድሃለሁ» አልኩት። «እሷ ግን ትማራለች።»

ከዚያ ረጅም ሚስማር ፈልጌ ፍሙ ውስጥ ከተትኩ። ሲግል በጨርቅ ይዤ፣ የፍየሎቹን ውሃ የሚያመላልስበትን ቢጫ ጀሪካን ሳብኩት።

«ኧረ አንቺ ልጅ! ጀሪካኔን!»

ከታች በሳሁት። ቀዳዳውን በእሾህ ወትፌ፣ ለፍየሎቹ ያስቀመጠውን ውሃ ሞላሁበትና በልጄ ቁመት ልክ የበሩ ቋሚ ላይ አሰርኩት። እሾሁን ነቀልኩ።

«ነይ» አልኳት።