ዳማው ከአዘና የመጣበት ቀን

ነጭ የደም ሴል የሰውነት ወታደር ነው እያልኩ ለዓመታት ባዮሎጂ ያስተማርኩ እኔው ነኝ። አባቴን አልጋ ላይ ያስቀረኋቸውም እኔው ነኝ።

አባቴ አንጀታቸው ላይ ካንሰር ሲገኝባቸው ከገጠር አምጥቼ ቆሰበር እኔ ቤት አስቀመጥኳቸው። ዳማ ፈረሳቸውም አብሮ መጣ፤ ፈረሰኛ ናቸውና ያለ እሱ ንቅንቅ አይሉም። ከቤቴ ጀርባ ካለው ዳገት በላይ፣ መስኩ ላይ ይግጥ ነበር። የባሕር ዳሩ ሐኪም መድኃኒት ሲጀምርላቸው “አቅምዎ በፈቀደ መጠን በየቀኑ ይራመዱ” ብሏቸዋል። እሳቸውም በየጠዋቱ ዱላቸውን ይዘው ዳማውን ለማየት ዳገቱን ይወጣሉ።

አንድ ቀን ግማሽ መንገድ ላይ ቆመው ሲያለከልኩ አየኋቸው። አገራችን ደጋ ነው፤ ዳገቱ ለጤነኛም ትንፋሽ ያሳጥራል። ይህን እያወቅሁ በሽታው የባሰባቸው መሰለኝ። ሐኪሙን መልሼ መጠየቅ ሲገባኝ፣ ፈረሱን አዘና ላለው አጎቴ ላክሁት። ፈረሱ ከሌለ የሚወጡበት ምክንያት የለም ብዬ ነው።

“ዳማው የት ሄደ?”

“አዘና ነው አባባ። ሲሻልዎ እናመጣዋለን። አሁን ይረፉ።”

“ልጄ፣ ተኝቶ መዳን ቢኖር አልጋ ላይ የሚሞት ሰው ባልኖረ” አሉኝ። እኔ ሳቅሁ።

ጠያቂ ሲገባ አባቴ ከአልጋቸው ቀና ሊሉ ሲሞክሩ “ኧረ በማርያም፣ አይነሱ!” ይባላል። እኔም “ልጅ ማለት እንዲህ ነው!” እየተባልኩ እመረቃለሁ። ምርቃቱ ደስ ይለኝ ነበር፤ አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል። እሳቸው ግን ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው መዋል ጀመሩ። እግራቸው ሰለለ። በሦስተኛው ወር ዐረፉ።

ከዓመት በኋላ ለክፍል ስዘጋጅ አነበብኩት። ሰው ሲንቀሳቀስ ካንሰርን የሚዋጉት ሴሎች ካሉበት ወጥተው ደም ውስጥ ይበዛሉ። ዕጢው ውስጥ ግን ኦክስጅን ስለሚያንስ እዚያ የደረሱት ይዝላሉ። እንቅስቃሴ በዚህ ላይ ምን ያህል እንደሚያግዝ ገና እየተጠና ነው። እኔ ደረታቸው ሲያለከልክ ፈራሁ፤ ትንፋሽ ያጠራቸው ግን ዕጢው ውስጥ የሚዋጉላቸው ሴሎች ነበሩ።

መራመዱ ያድናቸው ነበር አልልም፤ እንዲህ ያለ ውሸት ለተማሪዎቼም አላስተምርም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው የእኔ ንባብ። የሚያንገበግበኝ፣ የቀሯቸውን ጥቂት ጠዋቶች የነጠቅኋቸው እኔ መሆኔ ነው። ሐኪሙ እንኳ አልከለከላቸውም።

በወጋችን ፈረሰኛ ሲቀበር ፈረሱ ኮርቻ ተጭኖ ከአስከሬኑ ፊት ይሳባል። በቀብራቸው ዕለት አጎቴ ዳማውን ከአዘና ይዞት መጣ። ዳገቱ ሥር ሲደርስ ዳማው ወደ መስኩ ዞሮ አልሄድም አለ፤ ሁለት ሰዎች ጎትተው ወሰዱት።

ሲሻልዎ እናመጣዋለን ያልኳቸውን ፈረስ ያስመጣሁላቸው ለቀብራቸው ነው።