የክርስትና ስም ያልተገኘለት ፈላስፋ

ሰሞኑን ከጎረቤት ሬዲዮ ቃል የሌለው የፈረንጅ ሙዚቃ ሲፈስ ሰማሁና የምለቅመው ምስር እጄ ላይ ቀረ። ልጄ ከተማ ነው የሚማረው፤ ወሬው ከጠፋ ቆይቷል። ቤቱ ጭር ስላለ ድምፅ ሁሉ ያስደነግጠኛል። ይህ ግን የማውቀው ድምፅ ነበር።

በጃንሆይ ዘመን ነው፤ ገና ልጃገረድ ነበርሁ። ገብሱ ተወቅቶ ጎተራ ከገባ በኋላ፣ መካነ ኢየሱስ ከተማ ፊልም የምታሳይ መኪና መጣች። ቤተ ልሔም ደብር ቅኔ የሚማረው ታላቅ ወንድሜ ደመላሽ ለጥምቀት መጥቶ ገና አልተመለሰም ነበር። አባታችን ስለሞተ፣ ለእናቴና ለእኔ ወንድ ማለት እሱ ብቻ ነው። ሦስታችንም ቆሎ ቋጥረን ሄድን።

ትምህርት ቤቱ ግድግዳ ላይ ነጭ አቡጀዲ ተወጠረ። ጀንበር ስትጠልቅ ብዙ ማሲንቆ ባንድ ላይ የሚያለቅስ የሚመስል ድምፅ ተነሣ። አጠገባችን የተቀመጡ አንዲት ባልቴት ዘፋኙን ቢጠብቁ ቢጠብቁ አጡት።

"እነዚህ ሰዎች መቃኘት እንጂ መዝፈን አያውቁም እንዴ?" አሉ። ሰው ሳቀ።

ከዚያ አንድ ራሰ በራ ሽማግሌ አቡጀዲው ላይ ታየ። ፈላስፋ ነው። ገበያ ውስጥ እየዞረ ሹሙንም ነጋዴውንም "ፍርድ ማለት ምንድነው? አውቃለሁ የምትለውን በምን አወቅኸው?" እያለ ይጠይቃል። ከመኪናዋ ጋር የመጣው አስተርጓሚ በድምፅ ማጉያ ያስረዳናል። ሹማምንቱ ከሰሱት። ዝም በል ቢሉት እምቢ አለ። መርዝ በጽዋ ሰጡት፤ ተረጋግቶ ጠጣ። ሙዚቃው ቀጠነ፣ ቀጠነና ቆመ።

እኛ አገር ሰው ሞቶ ዝም አይባልም። ሴቶቹ ነጠላቸውን አደግድገው አለቀሱ፤ እናቴም ደረቷን መታች። የደብሩ ቄስ ተነሡና አስተርጓሚውን፣ "ፍትሐት እናድርስለት፤ የክርስትና ስሙ ማነው?" አሉት።

"አባ፣ ሰውየው ከክርስቶስ ልደት በፊት የሞተ ነው። የሚያዩትም ፊልም ነው።"

ቄሱ ግራ ገብቷቸው ሲቀመጡ ደመላሽ ብድግ አለ።

"አባ፣ ስለ እውነት የሞተ ሰው ስም ስላጣ ሳይጸለይለት ይቅር?"

"ይህን ለእግዜር ተወው፤ ተቀመጥ" አሉት።

አልተወውም። እንደ ፈላስፋው መምህሩንም፣ ባላባቱንም፣ ያገኘውንም ሁሉ ይጠይቅ ጀመር። እናቴ "ዝም ብትል ምን ይጎድልብሃል?" እያለች ለመነችው። ቅኔ ቤቱ አትመለስ ሲለው፣ ዐቢይ ጾም ሳይፈታ ወደ ደብረ ታቦር ሄደ። ከዚያ ወዲህ አላየነውም። እናቴ እስክትሞት ድረስ እሱ የሚተኛበትን መደብ ሰው አላስተኛችበትም።

ልጄ ባለፈው ሲመጣ ይህንን አጫወትሁት። ዓይኑ በራ።

"እማዬ፣ ሰውየው ባይጠይቅ ዛሬ ማን ያነሣው ነበር?" አለኝ።

ደመላሽን ያየሁ መሰለኝ። እኔ የማስበው ሌላ ነው። በዚያ ፊልም ከሳሹ ታየ፣ ዳኛው ታየ፣ ደቀ መዛሙርቱ ሲያለቅሱ ታዩ። እናቱን ግን አላሳዩንም። ሽማግሌ ነበርና ቀድማው ሞታ ይሆናል።

ታድላ።