ሽማግሌ ይዤ ቁፓት ሆሊም የሄድኩ ቀን

በዚያ ሐሙስ ጠዋት፣ እዚህ እስራኤል አገር፣ አፉላ መሀል ከተማ ባለው የቁፓት ሆሊም ቅርንጫፍ፣ ሦስተኛው መስኮት ፊት የነበርነው እነዚህ ነን፤ እኔ፤ ቀኝ ጉልበቱን በፋሻ ያሰረው ባለቤቴ፤ ነጠላውን በኮቱ ላይ የደረበው አጎቴ፣ የአባቴ ታናሽ ወንድም፤ የእድራችን ሰብሳቢ፤ ከመስኮቱ ወዲያ የተቀመጠችው ጸሐፊ፤ ስሙን ሳንጠይቀው የቀረን አንድ ሰውም ነበር። ልጆቼ አልነበሩም። ትልቋ ወታደር ናት፣ ሁለቱ ትምህርት ቤት ነበሩ። በአማርኛ የምታስተረጉመዋም ያን ቀን ታማ ቀርታለች አሉን።

ቁፓት ሆሊም እዚህ አገር ሰው ሁሉ የሚታከምበት የጤና ድርጅት ነው። እዚያ ሽማግሌ ይዤ የሄድኩት ለመታረቅ ነው። ጥፋቱ የኔ ነበር፤ ዛሬም አልክደውም።

ባለቤቴ አጽማኢ ነው፤ አሠሪ የለውም፣ ለራሱ ነው የሚሠራ። ሰው ቤት እየገባ ወለል ላይ ሴራሚክ ያነጥፋል። ቀኑን ሙሉ ተንበርክኮ ነው የሚውል። ተቀጣሪ ሲታመም የሕመም ፈቃድ አለው፤ አጽማኢ ሲታመም ያለው አልጋው ብቻ ነው። ሥራ የሚሰጠው ተቋራጭ ሁለት ሳምንት ይታገሣል፣ ከዚያ ሌላ አንጣፊ ይጠራል። ያ ሌላው እጁ ጥሩ ከሆነ የፊተኛውን መልሶ የሚጠራ የለም። ይህን ስለምፈራ ሁለት ተጨማሪ ኢንሹራንስ አስይዤ ነበር። አንዱ የቁፓት ሆሊሙ ነው። ሌላው የግል ኩባንያ ነው። የግሉን ያስገባን ወኪል ሰፈራችን አፉላ ኢሊት ቤታችን ድረስ መጥቶ፣ ምሳ በልቶ፣ ልጆቼን ስማቸውን እየጠየቀ አጫውቶ ነው የሄደ። የቁፓት ሆሊሙን ግን ማን እንዳስገባን እንኳ አላስታውስም።

ከዚያ ሕጉ ተለወጠ። የግሉ ኩባንያ ደብዳቤ ላከ። ልጄ ለሰንበት ከጦሩ ስትመጣ ታነብልኛለች ብዬ ማቀዝቀዣው ላይ ለጠፍኩት። እሷ ሳትመጣ ግን ስለ አዲሱ ሕግ በሬዲዮ ሲነገር ሰማሁ። ሳህን እያጠብኩ ነበር። ውሃውን ዘግቼ ባዳምጥ ኖሮ ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር። ለአንድ ኦፕራሲዮን ሁለት ቦታ መክፈል ከንቱ ነው የሚለውን ሰማሁ፤ የቀረውን ውሃው ወሰደው።

ከሁለቱ አንዱን ልተው ብዬ አሰብኩ። የትኛውን? ቤቴ ገብቶ ማዕዴን የቀመሰውን ሰው ውል ማፍረስ ነውር ሆነብኝ። ነገ ገበያ ላይ ባገኘው በምን ዓይኔ አየዋለሁ? የቁፓት ሆሊሙ ግን የማፍረው ሰው የለበትም። ስልክ ደወልኩ። ያነሳችው ሴት በዕብራይስጥ ፈጥና ፈጥና ተናገረች፤ እኔም «ከን፣ ከን» አልኳት፣ አዎ፣ አዎ ማለት ነው። ራሴን፣ ባለቤቴንና ሦስቱን ልጆቼን በአንድ ስልክ አስወጣሁ። ደግ ሥራ የሠራሁ መስሎኝ ቤቴን ጠረግሁ።

ለካ በአዲሱ ሕግ የግሉ ኢንሹራንስ ብቻውን መቆሙ ቀርቶ፣ በቁፓት ሆሊሙ ላይ የሚደረብ ሆኗል። መጀመሪያ የቁፓት ሆሊሙ ይከፍላል፣ የጎደለውን የግሉ ይሞላል። የታችኛው ከሌለ የላይኛው እምብዛም አይጠቅም። ይህን ያወቅነው የባለቤቴ ጉልበት አብጦ፣ ሐኪሙ ኦፕራሲዮን ያስፈልገዋል ካለ በኋላ ነው። በመንግሥት ሆስፒታል ያለ ኢንሹራንስም ይሠራለታል፤ ተራው ግን ከፋሲካ በኋላ ነው አሉን። ያን ጊዜ ገና የመስከረም በዓላት ማለቃቸው ነበር። ወደ ቁፓት ሆሊሙ ኢንሹራንስ እንመለስ ብንል ደግሞ እንደ አዲስ ሰው ረጅም ጊዜ መቆየት አለብን። ተሳስቶ የወጣ ሰው ሳይጠብቅ የሚመለስበት የቀን ገደብ ነበረ፤ የኛ በዘጠኝ ቀን አልፏል።

ለባለቤቴ ነገርኩት። «አሸዋውን ከሥር ጠርገሽ ሴራሚኩን አየር ላይ አስቀመጥሽው» አለኝ። ቢጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። በማግስቱ ጉልበቱን አስሮ ሥራ ሄደ፤ ማታ ሲመለስ የፎቁን ደረጃ እየተቀመጠ እየተነሣ ነው የወጣው። እኔ ከላይ ሆኜ ሳየው ቆረጥኩ። እስከ ፋሲካ በዚህ ጉልበት አይንበረከክም፣ ያወጣሁት እኔ ነኝ፣ የምመልሰውም እኔ ነኝ አልኩ።

በእድራችን ሰው አኩርፎም ሆነ ተሳስቶ ከወጣ፣ ሽማግሌ ይዞ ይመጣል፣ ጥፋቱን ያምናል፣ ይቀጣል፣ ይመለሳል። ከጎንደር ጀምሮ የማውቀው መንገድ ይህ ነው። አጎቴ ዘንድ ደወልኩ።

«ማንን ነው የበደልሽው፣ ልጄ?»

«ቁፓት ሆሊምን።»

«ትልቅ ነው። ለእሱ እኔ ብቻዬን አልበቃም፤ የእድሩን ሰብሳቢ ጨምሪልኝ» አለኝ።

ሐሙስ አራታችንም ቁጥራችንን ይዘን ተቀመጥን። ባለቤቴ አፍሮ አንገቱን ደፍቷል። «ልጃገረድ ልንጠይቅ የመጣን ነው የምንመስል» አለኝ ቀስ ብሎ። ከጎኑ የተቀመጠ ሰው ሰማውና፣ «ልጅቷ በየትኛው መስኮት ናት?» አለ። ሁላችንም ሳቅን፤ አጎቴ እንኳ። ሰውየው አርባ ዓመት ቢሆነው ነው። አነጋገሩ የጎጃም ነው። እሱም አጽማኢ ነው፤ ነጭ ሚኒባስ አለው፣ ሠራተኞችን ወደ ኢንዱስትሪ ቀጠናው ያመላልሳል። እጁ ላይ እኛ እንደያዝነው ያለ የኢንሹራንስ ኩባንያ ፖስታ ይዟል። ለምን እንደመጣን ነገርኩት። አስተርጓሚ እንደሌለን ሲያውቅ፣ «የኔ ቁጥር ከናንተ ፊት ነው፣ በኔው እንግባ። አባቶች ይቅደሙ፣ እኔ አስተረጉማለሁ። አሥር ደቂቃ ነው፣ ከዚያ የኔን እጨርሳለሁ» አለ።

ቁጥሩ ሲጠራ አምስታችንም ተነሣን። ጸሐፊዋ መነጽሯን አውልቃ አየችን።

«ይህ ሁሉ ማን ነው?»

«ቤተሰብ ነን» አላት ያ ሰው፣ ራሱን ጨምሮ።

አጎቴ ወንበሩን እንቢ ብሎ ቆመ። ነጠላውን አስተካከለና ጀመረ። አባቴ በአገሩ የታመነ ሰው እንደነበር ተናገረ። ወደ እስራኤል ለመምጣት ጎንደር ከተማ ስንት ዓመት ተራ እንደጠበቅን፣ በዚያ ሁሉ ጊዜ ማንንም እንዳላስቀየምን ተናገረ። ያ ሰው እያንዳንዷን ቃል ያስተረጉማል። ጸሐፊዋ አንዴ አጎቴን፣ አንዴ እሱን ታያለች።

«ምን ፈልገው ነው?» አለችው።

«ይቅርታ እየጠየቁ ነው።»

«እኔን? ምን አደረጉኝ?»

«አንቺን አይደለም። ቁፓት ሆሊምን።»

ጸሐፊዋ ዞር ብላ ከኋላዋ ሰው የቆመ እንደሆነ አየች። ባለቤቴ በክርኑ ነካ አደረገኝና፣ «አጎትሽ ገና የአያትሽ ሠርግ ላይ ነው፤ ጉልበቴ ዘንድ መቼ ሊደርስ ነው?» አለኝ። ያ ሰው አንድ ጊዜ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት ሲያይ አየሁት። የሰለቸው መሰለኝ። «አባባ፣ ያሳጥሩልኝ» ማለት ይችል ነበር። ግን ሽማግሌ ሲናገር አይቋረጥም፤ እሱም እንደኛ ያደገ ሰው ነው። ቆሞ አስተረጎመ።

በመጨረሻ ጸሐፊዋ እጇን አነሣች። «አዝናለሁ። ቀኑ አልፏል። ኮምፒውተሩ አይቀበልም» አለች።

አጎቴ ተቀመጠ። ያን ጊዜ የእድሩ ሰብሳቢ ከተቀመጠበት ሆኖ ጠየቃት።

«በኛ እድር አንድ ሰው ልውጣ ሲል ሦስት ጊዜ እንጠይቀዋለን። ሦስተኛውን ሚስቱ ባለችበት ነው። ይህችን ሴት ስትወጣ ማን ጠየቃት? በምን ቋንቋ? ባሏስ ሰምቷል?»

ይህ ሲተረጎምላት ጸሐፊዋ ኮምፒውተሩን መታ መታ አደረገች። ከዚያ በስልክ የተነጋገርነው በዕብራይስጥ ብቻ መሆኑን፣ አስተርጓሚ እንዳልቀረበልኝ ራሷ ነገረችን። በሚገባኝ ቋንቋ ሊነገረኝ ይገባ እንደነበረ፣ ይህንን ጽፈን ይግባኝ ብንል እንደሚታይ ተናገረች። ወረቀት አወጣችና መጻፍ ጀመረች። የኦፕራሲዮን ጉዳይ ያለበት ባለቤቴ ስለሆነ የእሱን ስም ብቻ ጻፈች።

«የልጆቼም ይጻፍ» አልኩ።

«እነሱ አሁን አልታመሙም፣ በኋላ ይደርሳል» አለችኝ በአስተርጓሚያችን በኩል።

«በኋላ ብዬ ነው እዚህ የደረስኩት። አምስታችንንም ያስወጣሁ እኔ ነኝ። አምስታችንም ሳንጻፍ ከዚህ አልነሣም።»

ያ ሰው ፈገግ ብሎ አስተረጎመላት፤ ምናልባት ከኔ ቃል ለስለስ አድርጎ ይሆናል። ጻፈች። ትምህርቴ እስከ አራተኛ ክፍል ነው፤ በዕብራይስጥ የምጽፈው ስሜን ብቻ ነው። አምስቱንም ስሞች በጣቴ እየተከተልኩ አንድ በአንድ እንዲያነብልኝ አደረግሁና ፈረምኩ።

ስንነሣ ስድስት ሰዓት ሆኖ ነበር። ጥበቃው በሩን ሊዘጋ ቆሟል፤ ጸሐፊዋም መስኮቷን እየዘጋች ነው። ደረጃው ላይ ባለቤቴ ዞሮ፣ «አንተስ፣ ወንድሜ? ያንተ ሳይደርስ ቀረ እኮ» አለው።

«የኔም እንደናንተው ነው። ሚስቴም ከን፣ ከን ብላ ነው የወጣችው» ብሎ ሳቀ። «ሕክምናው ለሷ ነው የሚያስፈልገው። የመመለሻ ቀኔ ነገ ያልቃል፣ ነገ ዓርብ ደግሞ አይከፍቱም። በስልክ እሞክራለሁ። በሉ፣ ሠራተኞቼ ይጠብቁኛል።» አጎቴ መረቀው። እሱ አሜን ብሎ እየሮጠ ወደ መኪናው ሄደ።

እኛ የተጻፈልንን ወረቀት እያየን ወደ ማዕከላዊ አውቶቡስ ጣቢያው ወረድን። ወደ አፉላ ኢሊት የሚወጣውን አውቶቡስ ስንጠብቅ ባለቤቴ ድንገት፣ «ነገ ነው የሚያልቀው አለ?» አለኝ። ያን ጊዜ ገባኝ። ሰዓቱን ያየው ሰልችቶት አልነበረም። ወረቀቱን ለባለቤቴ ሰጥቼ እየሮጥኩ ተመለስኩ። በሩ ተዘግቷል፤ ሚኒባሱ የለም።

ከአምስት ሳምንት በኋላ ይግባኛችን ተቀባይነት አገኘ። ደብዳቤውን ማቀዝቀዣው ላይ አልለጠፍኩትም፤ የፎቅ ጎረቤቴን በር አንኳኩቼ ያንኑ ሰዓት አስነበብኩት፣ ከዚያ ልጄ ስትመጣ ደግማ አነበበችልኝ። አምስታችንም አለንበት። የባለቤቴ ኦፕራሲዮን ከሐኑካ በዓል በፊት፣ ፋሲካ ገና ወራት ሲቀሩት ተሠራ። ዛሬ ይሠራል፤ መንበርከክ ስለተከለከለ የግድግዳውን እሱ ያነጥፋል፣ የወለሉን የሚሠራ ሌላ አንጣፊ ይዟል። በእድራችን ስብሰባም ተነሥቼ የደረሰብኝን ሁሉ ተናገርኩ። ሳልሸፋፍን፣ ቤቴ ምሳ የበላውን ሰው አፍሬ ትክክለኛውን እንደተውኩት ጭምር ተናገርኩ። አጽማኢ ያለበት ቤት ሁሉ ደብዳቤውን ሳያስነብብ አዎ እንዳይል ለመንኩ።

ያን ሰው ግን አላገኘሁትም። እሑድ ጠዋት በሩ ሳይከፈት ደርሼ ጸሐፊዋን ጠይቄያት ነበር። የሌላ ሰው ነገር አይነገርም አለችኝ፤ ልክ ናት። ሁለት ጠዋት ሠራተኛ በሚገባበት ሰዓት ኢንዱስትሪ ቀጠናው በር ላይ ቆሜያለሁ። ነጭ ሚኒባስ ብዙ ነው። በዚያ ዓርብ ስልኩን አንሥተውለት እንደሆነ አላውቅም። ቀኑ ካለፈበት እኛን ያስገባን ያው ይግባኝ ለሱም ይሠራ ይሆናል፤ አብሬው እሄዳለሁ፣ ሽማግሌዎቹም እሺ ብለዋል።

ይህን የምታነቡ፣ አነጋገሩ የጎጃም የሆነ፣ አርባ ዓመት ገደማ የሚሆነው፣ በነጭ ሚኒባስ ሠራተኛ ወደ አፉላ ኢንዱስትሪ ቀጠና የሚያመላልስ ሰው ታውቁ እንደሆነ፣ እባካችሁ ንገሩኝ። ሚስቱ ታከመች ወይ? እንዴት ናት?