የልጄ ማግቢያ ዶቃ

ክፍሏ ጠባብ ናት፤ ጣሪያዋ ቆርቆሮ። የጋምቤላ ፀሐይ ቀኑን ሙሉ ሲያርፍባት እንደ ድስት ክዳን ትግላለች። በሩ ከኋላዬ ሲዘጋ ዓይኔ ጨለማውን እስኪለምድ ቆምኩ። ከዚያ አየኋት። ጥግ ላይ፣ ጀሪካኑ አጠገብ፣ ያቺ ከአዲስ አበባ የመጣች ዶክተር ተቀምጣለች።

የተያዝኩት በእሷ ምክንያት ነው። ከሰፈራችን ብዙ ሴቶች ተይዘን ነበር። "ያቺ ሴት ማን ቤት ገባች? ምን ጠየቀች?" ነው ጥያቄው። የገባችው እኔ ቤት ነው። ይህን የምናውቀው እኔና እሷ ብቻ ነን።

እኛ አኙዋዎች ድሙይ የምንለው ሰማያዊ የመስታወት ዶቃ አለን። ወንድ ልጅ ሲያገባ ለልጅቷ ቤተሰብ የሚሰጠው እሱን ነው። ዛሬ የሚሠራው የለም፤ ያለው የድሮው ነው፣ ከቤት ወደ ቤት የሚዞረው። እኔ ቤት ያለው ትልቋ ልጄ ስትዳር የገባልን ነው። በእሱ ደግሞ ወንድሟ ያገባል። ባለቤቴ ከሞተ ወዲህ ጠባቂው እኔ ነኝ፤ መሬት ውስጥ ቀብሬዋለሁ።

ዶክተሯ የመጣችው ለዚያ ዶቃ ነው። ዶክትሬቷን ጨርሳም አልበቃት፤ የጥንት ነጋዴዎች ከባሕር ማዶ ምን እንዳመጡ፣ በየት በኩል እንደሸጡ ሌላ ምርምር ይዛ ነበር። ለዚህ ብላ ዓረብኛም ዕብራይስጥም ተምራለች። ዶቃውን መዳፏ ላይ ሳስቀምጥላት ትንፋሿ ቆመ። "እናቴ፣ ይሄ ስንት አገር አቋርጦ ነው እዚህ የደረሰው!" አለች። እኔ እዚሁ ጋምቤላ ካለው ከጎግ አልፎ የመጣ አይመስለኝም ነበር።

እስር ቤት ግን ቀና ብላ አየችኝና፣ "አዲስ ነሽ? ነይ፣ እዚህ ትንሽ ነፋስ አለ" አለችኝ። አይታኝ እንደማታውቅ። ገባኝ። እኔም እንደማላውቃት ሆኜ አጠገቧ ተቀመጥኩ።

ሴቶቹ ዶክተር መሆኗን ሰምተዋል። አንዷ ጉልበቷን ገልጣ፣ "እስቲ እዪልኝ፣ ሌሊት አያስተኛኝም" አለቻት።

"የእኔ ሰዎች ከሞቱ ስምንት መቶ ዓመት አልፏቸዋል።"

"ታዲያ ምኑን ዶክተር ሆንሽው!"

ሳቅን። እሷም ሳቀች። እዚያ ቤት ውስጥ ሳቅ አለ ብዬ አላሰብኩም።

ከሰዓት በኋላ ሁለታችንን ጠሩን። ወረቀቶቿ መርማሪው ጠረጴዛ ላይ ተዘርግተዋል።

"ፊደሉ ዕብራይስጥ፣ ቋንቋው ዓረብኛ። ለማን ነው የምትሠሪው?"

"የድሮ አይሁድ ነጋዴዎች ናቸው። የሚናገሩት ዓረብኛ ነው፤ የሚጽፉት በራሳቸው ፊደል። ይሄኛው ዕቃው ባሕር ላይ ጠፍቶበት ነው የሚያማርረው።"

"አሁን የት ነው ያለው?"

"ሞቷል፣ አለቃ። በጣም ቆይቷል።"

በሩ ላይ የቆመው ፖሊስ ሳቁን በሳል ሸፈነው። መርማሪው አልሳቀም። ወደ እኔ ጠቆመ። "ይቺን ሴትዮ ታውቂያታለሽ?"

"እዚሁ ነው ያየኋት።"

"የገባሽበትን ቤት ተናገሪ፣ ዛሬ ትወጫለሽ። እምቢ ካልሽ በስለላ ወደ አዲስ አበባ ትላኪያለሽ።"

"ቤታቸውን የከፈቱልኝን ሰዎች አልናገርም። ቃል ሰጥቻቸዋለሁ።"

ድምጿ አልተለወጠም። ጣቶቿ ግን ቀሚሷን ጨምድደው ነበር።

መርማሪው የጣት ቀለሙን ወደ እኔ ገፋው። "ማዘር፣ ስለ መሣሪያ ስትጠይቅ ሰምቻለሁ ብለሽ ፈርሚ። ወደ ልጆችሽ ሂጂ።"

ልጆቼን አሰብኩ። ዶቃውንም አሰብኩ፤ ከወሰዱት ልጄ በምን ያገባል? እሷን አየሁ። ብፈርም እንዳላፍር ብላ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ያን ጊዜ አልቻልኩም።

"አልፈርምም፣ አለቃ። የገባችው እኔ ቤት ነው። የጠየቀችኝ ስለ ድሙይ ነው። መሣሪያ የሚባል ነገር ከአፏ አልወጣም።"

"ድሙይ ደግሞ ምንድን ነው?"

በሩ ላይ ያለው ፖሊስ የእኛው የአኙዋ ልጅ ነው። "ሚስት የምናገባበት ዶቃ ነው፣ አለቃ። እኔም በእሱ ነው ያገባሁት" አለ።

ይዘውኝ ወደ ቤቴ ሄዱ። እያየሁ ቆፈሩት፤ ይዘነው ተመለስን። መርማሪው አገላብጦ አየው። "ለዚህ ነው ይሄ ሁሉ?" ብሎ ጠረጴዛው ላይ ጣለው። ዶክተሯ ተነሳች። ማንንም ሳትጠይቅ በሁለት እጇ አንስታ፣ አቧራውን በነጠላዋ ጠርጋ፣ ዝቅ ብላ ሰጠችኝ። ማንም አልከለከላትም። እኔም በጨርቅ አልጠቀለልኩትም። አንገቴ ላይ አሰርኩትና በግቢው መሃል፣ ሰው ሁሉ እያየኝ፣ ወደ ክፍላችን ተመለስኩ።

ትንሽ ቀን አቆይተው ሁለታችንንም ለቀቁን። ልጄ አግብቷል።

ልጆቼ ደፋር ነሽ ይሉኛል። አይደለሁም። መኪና በራችን ላይ ሲቆም ዛሬም ልቤ ይመታል። እሷን ግን አስባለሁ። የሞተ ሰው የጻፈውን ለማንበብ ያን ያህል ዓመት የለፋችው፣ የእኔ ልጅ እንዲያገባ ብላ ዝም አለች። ትምህርት እንዲህ ከሆነ፣ ልጆቼ ይማሩት።